ቶምና ጄሪ፦ ከሲኒማ ቤት መጋረጃ እስከ ቤተሰብ ቴሌቪዥን

እህል በጎተራ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ የድመትንና የአይጥን ነገር ያውቀዋል። በአርሶ አደር ቤት ድመት የምትያዘው ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም በግብርና ኮሌጅ ሳለ አይጥን የተማረው በድኅረ ምርት ብክነት ትምህርት ውስጥ፣ ከነቀዝ ጎን ለጎን ነበር። በዚህ ዓይን ለሚመለከት ሰው ቶምና ጄሪ የተሰኙት የካርቱን ፊልሞች ሥርዓቱ የተገለበጠበት ዓለም ናቸው፤ ተመልካች የሚያዝነው ለአይጡ፣ የሚስቀው በድመቱ ውድቀት ነውና። ያም ሆኖ ቴሌቪዥን ባለበት ሻይ ቤት ፊልሙ ሲጀመር ልጁም ሽማግሌውም ዓይኑን አይነቅልም። ገጸ ባሕርያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቃል ስለማይናገሩ አስተርጓሚ አያሻም።

ፊልሞቹ የተወለዱት በአሜሪካ፣ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር በተባለው የፊልም ኩባንያ የካርቱን ክፍል ውስጥ ነው። ፈጣሪዎቹ ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ፊልም ለእይታ የበቃው በ1940 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድመቱ በዚያን ጊዜ ቶም ሳይሆን ጃስፐር ይባል ነበር። ታሪኩም ቀላል ነው፤ የቤቱ ሠራተኛ አንድ ዕቃ እንኳ ደግሞ ከሰበረ ከቤት እንደምታባርረው ድመቱን ታስጠነቅቀዋለች። አይጡ ይህን ሲሰማ ብርጭቆና ሳህን እያነሳ መወርወር ይጀምራል፣ ድመቱም ዕቃው መሬት ሳይነካ ለመቅለብ ይሯሯጣል። የእኛ ሰው «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለውን ተረት ሃናና ባርቤራ አልሰሙትም፤ ፊልማቸው ግን በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ቶምና ጄሪ የሚለው ስም የወጣው ከዚያ በኋላ በኩባንያው ሠራተኞች መካከል በተደረገ ውድድር ሲሆን፣ በ1941 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ላይ በሥራ ላይ ውሏል።

የአሠራሩን ልፋት ለመገመት ጥቂት ስሌት ይበቃል። ፊልም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ምስሎችን ያሳልፋል። ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ስለዚህ ከ10 ሺህ በላይ ምስሎች ይፈልጋል ማለት ነው። አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ማንሳት የተለመደ በመሆኑ የሥዕሉ ቁጥር በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን ድመቱና አይጡ በየራሳቸው ገጽ ላይ ስለሚሣሉ ቁጥሩ መልሶ ያድጋል። ሠዓሊው እንቅስቃሴውን በወረቀት ላይ በእርሳስ ይነድፋል፤ ሌሎች ሠራተኞች በብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ በቀለም ይገለብጡታል፤ ከኋላው የወጥ ቤቱ ወይም የሳሎኑ ሥዕል ይነጠፍና ካሜራ አንድ በአንድ ያነሳዋል። ኮምፒውተር የሚባል ነገር በሥራው ውስጥ አልነበረም። ይህ ሁሉ እንግዲህ አንድ ድመት ደረጃ ለደረጃ ተንከባልሎ እንዲወድቅ ነው።

ድምፁም የዚያኑ ያህል የተለፋበት ነው። የሙዚቃው ደራሲ ስኮት ብራድሊ የእያንዳንዱን እርምጃና ምት ርዝመት እየተከተሉ ለሙሉ ኦርኬስትራ ይጽፉ ነበር፤ ቶም በእግሩ ጣት ሲያደባ ቫዮሊን ያደባል፣ መጥበሻ ሲያርፍበት መለከት ይጮኻል። ቃል በሌለበት ፊልም ውስጥ ቁጣንም ተንኮልንም የሚናገረው ሙዚቃው ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እምነት፣ ከሥዕሉ እኩል ሊመሰገን የሚገባው ይኸው የብራድሊ ሥራ ነው። የቶም ታዋቂ ጩኸት ደግሞ የዊልያም ሃና የራሳቸው ድምፅ ነው።

ከ1940 እስከ 1958 ባለው ጊዜ ሃናና ባርቤራ 114 የቶምና ጄሪ ፊልሞችን ሠርተው ሰባት የኦስካር ሽልማቶችን አስገኝተዋል። ሽልማቱን ወደ መድረክ ወጥተው የሚቀበሉት ግን የክፍሉ ኃላፊ ፍሬድ ኩዊምቢ ነበሩ፤ የፊልሞቹ ፈጣሪዎች አብረው አልተጠሩም።

በፊልሞቹ ውስጥ ዛሬ ሲታይ የሚያሳፍር ነገርም አለ። ጥቁር አሜሪካዊቷ የቤት ሠራተኛ ፊቷ እንዳይታይ ሆኖ፣ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት በታች ብቻ ተሥላለች፤ አነጋገሯም በጊዜው በጥቁሮች ላይ ይሣለቁበት የነበረውን ልማድ የተከተለ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን መብት ማኅበር ይህን ተቃውሟል። በ1960ዎቹ ፊልሞቹ ለቴሌቪዥን ሲዘጋጁ በአንዳንዶቹ ላይ የሠራተኛዋ ድምፅ በሌላ ተተክቷል፣ ትዕይንቶችም እንደገና ተሥለዋል።

እነዚህ ፊልሞች ሲሠሩ ለሕፃናት ብቻ ታስበው አልነበረም። በሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም በፊት የሚታዩ፣ ትኬት የገዛ ጎልማሳ ሁሉ የሚስቅባቸው ነበሩ። ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ የሲኒማ ተመልካች ቀነሰ፤ ኩባንያውም አሮጌዎቹን ፊልሞች ደግሞ በማሳየት አዲስ ከሚሠራው የማይተናነስ ገቢ እንደሚያገኝ አስልቶ በ1957 የካርቱን ክፍሉን ዘጋ። በአንድ ሂሳብ የተነሳ ሠዓሊዎቹ ሥራ አጡ። ጥሩ ዘር ያወጣ ሰው በራሱ ዘር ከገበያ እንደመባረር ያለ ነገር ነው።

ሃናና ባርቤራ በዚያው ዓመት የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ወደ ቴሌቪዥን ተሻገሩ። ቴሌቪዥን የሚከፍለው ገንዘብ ግን ለቀድሞው አሠራር የሚበቃ አልነበረም። በመሆኑም ገላው ቆሞ አፍና እጅ ብቻ የሚንቀሳቀስበትን፣ ገጸ ባሕርይ ሲሮጥ ያው ግድግዳና ያው ዛፍ ደጋግሞ የሚያልፍበትን ርካሽ ዘዴ ተጠቀሙ። የጎደለውን እንቅስቃሴ በንግግር ሞሉት። በ1960 የጀመረው «ፍሊንትስቶንስ» የዚህ ዘዴ ፍሬ ነው።

በበዓል ሰሞን የሚተላለፈው ልዩ ዝግጅት የመጣውም በዚሁ ዘመን ነው። በታኅሣሥ 1965 በሲቢኤስ ጣቢያ የቀረበው የቻርሊ ብራውን የገና ዝግጅት ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ነበር። ደራሲው ቻርልስ ሹልዝ የልጆቹን ድምፅ ልጆች ራሳቸው እንዲናገሩት፣ የተቀዳ የተመልካች ሣቅ እንዳይገባበት፣ አንደኛው ልጅም ከሉቃስ ወንጌል የልደቱን ታሪክ እንዲያነብ አደረጉ። የጣቢያው ኃላፊዎች ዝግጅቱ ዝግተኛ ነው ብለው ሰግተው ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን በአሜሪካ ተከፍቶ ከነበረው ቴሌቪዥን ግማሽ ያህሉ እሱን ያይ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ቸክ ጆንስ የተባሉት የካርቱን ሊቅ ገናን ሊሰርቅ የተነሳውን ግሪንች የተባለ ፍጡር ታሪክ ለቴሌቪዥን አበቁ።

ቶም በዶማ ሲመታ ጭንቅላቱ አብጦ፣ በሚቀጥለው ትዕይንት ድኖ ይታያል። ወላጆች በዚህ ቢሰጉ አይፈረድባቸውም፤ የሦስት ዓመት ሕፃን እውነተኛዋን የቤት ድመት በዱላ ቢመታ ከፊልሙ ያየውን እየደገመ ሊሆን ይችላል። ትልልቆቹ ልጆች ልዩነቱን በቀላሉ ይለያሉ። ትንንሾቹን ግን አብሮ ተቀምጦ ማሳየት፣ ደግሞም ለእነሱ ታስቦ የተሠራውን መምረጥ ይበጃል።

በሀገራችንም ለዚህ ዕድሜ የተሠራ አለ። መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ያዘጋጁት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ካርቱን ሳይሆን በእጅ አሻንጉሊት የሚቀርብ ሲሆን፣ ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታይቷል። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ አማርኛም ትናገራለች።