ከወለል ሥር የተረፉት ሬዲዮኖች

ፊሊፕስ ሲባል እኛን ቶሎ ትዝ የሚለን አምፖልና ካውያ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ለሚሰበስቡ ሰዎች ግን ፊሊፕስ ማለት ባለ ቫልቩ ሬዲዮ ነው። (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ኋላ እንዳንጣላ!)

ኩባንያው በ1891 አይንድሆቨን ከተማ ሲቋቋም ሥራው አምፖል ነበር። ከአምፖል ወደ ቫልቭ ደግሞ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ሁለቱም አየሩ በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ የሚግል ክር አላቸው። በ1919 ኢድዜርዳ የተባለ መሐንዲስ ከዘ ሄግ ሙዚቃ ማሰራጨት ጀመረ። ፊሊፕስ ራሱ ሬዲዮ ሠርቶ ለገበያ ያወጣው በ1927 ሲሆን፣ በ1932 ሽያጩ አንድ ሚሊዮን ደረሰ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። አገሪቱ በ1940 በጀርመን ተያዘች፤ በስደት ያለው የደች መንግሥት ደግሞ «ራዲዮ ኦራንየ» በሚል ስም ከለንደን ለሕዝቡ መናገር ጀመረ። በ1943 ጀርመኖች «ሬዲዮ ያለህ አስረክብ» ብለው አዘዙ። ሕዝቡ ምን አደረገ? ብዙው እውነትም አስረከበ። ብልጡ ግን የተበላሸውን አሮጌ ሰጥቶ ደህናውን ከወለል ሳንቃ ሥር ቀበረው። (ኢድዜርዳም በ1944 የወደቀ የቪ-2 ሮኬት ስብርባሪ ሲመረምር ተይዞ በጀርመኖች ተረሸነ።)

ታዲያ ዛሬ አንድ ሰብሳቢ እርጥበት የበላው ሣጥን ሲያገኝ ልጦ ቫርኒሽ ይቀባዋል። ያምራል፣ አንክድም። ግን ያ እድፍ ሬዲዮኑ የት እንደከረመ የሚናገር ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል። እኛ ከመቀባት በፊት መመዝገብ ይቅደም ከሚሉት ጋር ነን።

ምዝገባው ከጀርባ ይጀምራል። የሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኤ» ካለ በኤሲ መብራት ብቻ የሚሠራ፣ «ቢ» ካለ የባትሪ፣ «ዩ» ካለ በኤሲም በዲሲም የሚሠራ ነው። ይህ የመጨረሻው ትራንስፎርመር ስለሌለው ብረቱ ራሱ ኮረንቲ ሊይዝ ይችላል፤ እጃችሁን ሰብስቡ።

አንድ ካጋጠማችሁ «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። የወረቀት ካፓሲተሮቹ በእድሜ ብዛት ኮረንቲ ያሾልካሉ፣ ደህናውን ቫልቭ ይዘው ይጠፋሉ። መጀመሪያ ፎቶ አንሱት፣ ቁጥሩን ጻፉ፤ ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ደግሞ በ1943 የት ደብቀውት እንደነበር ጠይቁልን።