ከሙግት መዝገብ የተገኘ ሰው

ዜና መዋዕል ንጉሡንና የጦር አዝማቹን ያወሳል። ሠርቶ አዳሪው ስሙ ተጽፎ የሚቀረው ግን ብዙውን ጊዜ ከሰው ጋር በገንዘብ ሲካሰስ ነው። የድሮ የፍርድ ቤት መዝገብ የሚጥመኝ ለዚህ ነው።

እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ጆንስ ከእነዚህ ሠርቶ አዳሪዎች አንዱ ነው። በ1570 ግድም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሃሪች ወደብ ተወለደ። ኋላም ለንደን፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ሮዘርሃይዝ በተባለ ሰፈር ኖረ። ሥራው የነጋዴ ዕቃ በባሕር ማመላለስ ነበር። የመርከቧ አዛዥ ብቻ ሳይሆን ከአራት አንድ እጅ ባለድርሻም ነበር።

የባሕር ንግድን ክርክር የሚዳኘው የለንደኑ አድሚራልቲ ፍርድ ቤት ነው። ጆንስን እዚያ ያደረሰው በ1609 ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ትሮንድሃይም ያደረገው ጉዞ ነበር። ሲመለስ የአየሩ ጠባይ ከፋና መልሕቅ ጠፋበት፤ ከጫነው ሄሪንግ ከተባለው ዓሣም ጎድሎ ተገኘ። በዚሁ የተነሣው ሙግት በ1612 እንኳ ገና አልተቋጨም። የፍርድ ቤት ደጅ የጠና አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

የመርከቧ ስም ሜይፍላወር ነው። አዎን፣ በ1620 102 መንገደኞች አሳፍራ ወደ አሜሪካ የተሻገረችው፣ አሜሪካውያን ከአገራቸው አመሠራረት ጋር የሚያነሷት ያችው መርከብ ናት። በመጀመሪያው ክረምት ከመንገደኞቹ ግማሽ ያህሉ ሞቱ፤ ከመርከበኞቹም ብዙዎች አለቁ። ጆንስ በ1621 አገሩ ገባ፤ ዓመት ሳይሞላው በማርች 1622 ሮዘርሃይዝ ተቀበረ።

በ1624 መርከቧ እንደገና በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ብቅ ትላለች። ባሏ የሞተባት ጆዚያንና ሌሎች ሁለት ባለድርሻዎች ንብረቱ እንዲገመት አመለከቱ። መርከበኝነትና መርከብ ሠሪነት የሚያውቁ አራት የሮዘርሃይዝ ሰዎች መርምረው ዋጋ አወጡ። ለመርከቧ አካል 50 ፓውንድ፣ ለ5 መልሕቆች 25፣ ላረጀው ሸራ 15 ፓውንድ ሰጡ። ከቀረው ዕቃ ጋር ሲደመር 128 ፓውንድ ከ8 ሺልንግ ከ4 ፔንስ ሆነ። መዝገቡም መርከቧን «የፈራረሰች» ይላታል።

እኔን የሚገርመኝ በሒሳቡ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ያ ዝነኛ ጉዞ በዋጋው ላይ አንዲት ፔኒ አልጨመረም። ገማቾቹ እንጨት፣ ብረትና ሸራ አዩ፤ ያዩትን ተመኑ። ተሳሳቱ ለማለት አልደፍርም። አንድ ዕቃ ቅርስ እስኪባል ብዙ ዘመን ይፈጃል፤ ጆዚያን ግን የምትፈልገው የዚያን ቀን ገበያ ነው።

ለጆንስ በ1995 በሮዘርሃይዝ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሐውልት ቆሞለታል። ሐውልቱ ለዝናው ነው። ኑሮውን የነገረኝ ግን በጎደለ ዓሣና በጠፋ መልሕቅ ያከራከረው መዝገብ ነው።