የንጥረ ምግብ እፍግታ፦ ለገበያና ለስንቅ የሚሆን ቃል

በአመጋገብ ሳይንስ «ኒውትሪየንት ዴንሲቲ» የሚባል ሐሳብ አለ። በአማርኛ «የንጥረ ምግብ እፍግታ» ብንለው ይስማማል። አንድ ምግብ ከሚሰጠን ኃይል ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ፕሮቲን፣ ቫይታሚን፣ ማዕድንና ፋይበር እንደያዘ የሚያሳይ ልኬት ነው። 25 ግራም ስኳር 100 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ከዚያ ውጭ ምንም የለውም። 100 ኪሎ ካሎሪ የምናገኝበት የተቀቀለ ምስር ግን ከኃይሉ ጋር ወደ 8 ግራም ፕሮቲን፣ ብረት፣ ፎሌትና ፋይበር ይዞ ይመጣል። የሁለቱ ኃይል እኩል ነው፤ እፍግታቸው ግን አይገናኝም።

ቃሉ ለሐኪምና ለተማሪ ብቻ የሚቀር አይደለም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር፣ ደመወዙ ከወር ወር የማይደርስለት ቤተሰብ ገበያ ሲወጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «በዚህ ብር ምን ያጠግበናል?» ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። «ከሚያጠግበን ውስጥ የበለጠ የሚጠቅመን የቱ ነው?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ያስፈልገዋል። የንጥረ ምግብ እፍግታ ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ለምን «እፍግታ»?

«እፍግታ» በትምህርት ቤት የሳይንስ መጽሐፍ የምናውቀው ቃል ነው፤ የአንድ ነገር መጠነ ቁስ ለይዘቱ ሲካፈል የሚገኘው ማለት ነው። ሥሩም ሩቅ አይደለም። ጠዋት ከቡራዩ ወደ መርካቶ በታክሲ ታፍጎ የሄደ ሰው ቃሉን በትከሻው ያውቀዋል። ታክሲው ካሎሪው ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ንጥረ ምግቦቹ ናቸው። ባዶውን የሚሄድ ታክሲም ነዳጅ ይፈጃል፤ ባዶ ካሎሪም እንዲሁ ሆድና ኪስ ይይዛል፣ የሚያደርሰው ነገር ግን የለም።

ሌሎች ቃላትም ሊታሰቡ ይችሉ ነበር። «ገንቢነት» ለጆሮ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን ምግብን ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብለን ስንማር ስላደግን «ገንቢ» ሲባል ብዙዎቻችን ፕሮቲንን ብቻ እናስባለን። ጎመን በዚያ አመዳደብ በሽታ ተከላካይ እንጂ ገንቢ አይባልም፤ እፍግታው ግን ከፍተኛ ነው። «የንጥረ ምግብ ይዘት» ደግሞ ምን እንዳለ ይነግረናል እንጂ ከምን ያህል ኃይል ጋር እንደመጣ አይነግረንም። የዚህ ልኬት ቁም ነገር ማነጻጸሩ ላይ ስለሆነ «እፍግታ» ይሻላል።

እንዴት ይለካል?

ሐሳቡን ወደ ቁጥር ከለወጡት ተመራማሪዎች አንዱ በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው አዳም ድሬውናውስኪ ናቸው። እርሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት መለኪያ ምግብን በ100 ኪሎ ካሎሪ ይመዝናል። ፕሮቲን፣ ፋይበር፣ ቫይታሚን ኤ፣ ሲ እና ኢ፣ ካልሲየም፣ ብረት፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም፣ በድምሩ 9 ንጥረ ነገሮች ነጥብ ይጨምራሉ። የረጋ የስብ ዓይነት፣ የተጨመረ ስኳርና ሶዲየም ደግሞ ነጥብ ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ድሬውናውስኪ ይህን መለኪያ ከዋጋ ጋር አያይዘው ጤናማም ርካሽም የሆኑ ምግቦችን ለመለየት እንደሚያገለግል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ታይ ቢልና ፍላሚኒያ ኦርቴንዚ በድሃ አገሮች በብዛት የሚጎድሉትን ብረት፣ ዚንክ፣ ካልሲየም፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ኤ እና ቢ12 ብቻ ወስደው ምግቦችን ደረጃ አወጡላቸው። ጉበት፣ ትናንሽ የደረቀ ዓሣና ጥቁር አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ከላይኞቹ ተርታ ተገኙ።

በእኛ ማድ ቤት ስናየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። በ100 ኪሎ ካሎሪ ስንመዝን የተቀቀለ እንቁላል ከ8 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። ምስር ወደ 8 ይጠጋል፣ ወተት 5 ያህል ነው፣ መኮሮኒ 4 አይሞላም፣ ነጭ ሩዝ 2 ገደማ ነው፣ ለስላሳ መጠጥ ምንም የለውም። ወተት ከፕሮቲኑ በተጨማሪ ወደ 185 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይሰጣል። ከጎመን 100 ኪሎ ካሎሪ ለማግኘት ከሩብ ኪሎ ያላነሰ ቅጠል መብላት ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ጎመን በካልሲየም ወተትን ይበልጣል፣ ቫይታሚን ኤ፣ ሲ እና ፎሌትም ይጨምርልናል።

አሠራርም እፍግታን ይለውጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። ጎመኑ በዘይት ከዋኘ እፍግታው ይወርዳል፣ የዘይቱም ወጪ ይከተላል። በአንጻሩ ሊጡ በደንብ ሲቦካ፣ ባቄላውና አተሩ በቆልት ሲሆን በእህሉ ውስጥ ያለውና ብረትን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል፤ ሰውነታችንም ብረቱን የተሻለ ይጠቀምበታል። ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቃሪያና ቲማቲም አብሮ ማቅረብ ለብረቱ ይረዳል። ቡናና ሻይን ግን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ይሻላል፤ ከምግብ ጋር ሲጠጡ የብረቱን መግባት ይቀንሳሉና።

እፍግታ በብር ሲመነዘር

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የዛሬን ዋጋ ከመጻፍ የሂሳቡን መንገድ ማሳየት ይጠቅማል። አንድ ኪሎ ክክ ምስር ወደ 240 ግራም ፕሮቲን አለው። ስለዚህ የኪሎውን ዋጋ ለ24 ብናካፍል የ10 ግራም ፕሮቲን ዋጋ ይወጣል። አንድ ኪሎ ቀይ የበሬ ሥጋ 200 ግራም ያህል ስላለው ለ20 እናካፍላለን። አንድ ሊትር ወተት 32 ግራም ገደማ አለው፤ ለ3 ማካፈል ይበቃል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ስላለው አንድ ተኩል እንቁላል 10 ግራም ይጠጋል። የሥጋና የእንቁላል ፕሮቲን በጥራቱ ይበልጣል፤ ነገር ግን ምስር ወይም ሽሮ ከእንጀራ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ይህን ሂሳብ በሚቀጥለው የገበያ ቀን በራሳችሁ ዋጋ ብትሠሩት የጥራጥሬን ብርታት በግልጽ ታያላችሁ።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ በምግብ በኩል ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በረከት አላቸው። ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ያለች የወተትና የድርቆሽ ሣር አገር ናት። እዚያ ወተት ከአምራቹ እጅ የሚገዛ ቤተሰብ አፍልቶ መጠጣት አለበት እንጂ ካልሲየምንና ቢ12ን አብሮ የሚሰጥ የተሻለ ምንጭ በአቅራቢያው አያገኝም። ቡራዩ በአምቦ መንገድ ላይ ስለሆነች ከሆለታና ከጊንጪ ወገን የሚወርደው ድንች፣ ገብስና ባቄላ ይደርሳታል። በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ሰበታ ደግሞ ከዙሪያዋ የመስኖ አትክልት ታገኛለች። ጎመኑ በክረምት ሲረክስ፣ ቲማቲሙ በምርቱ ወቅት ሲበዛ ማብዛት፣ ሲወደድ ወደ ሌላው መዞር ከሁሉ የሚቀል ቁጠባ ነው።

ጤፍ ሲወደድ ብዙ ቤቶች ሊጡን በሩዝ ዱቄት ያበዛሉ። ነጭ ሩዝ ግን ከሽፋኑ ጋር ብዙ ንጥረ ምግብ አጥቶ የመጣ እህል ነው። ማደባለቁ ግድ ከሆነ ሙሉው የተፈጨ ማሽላ ወይም ገብስ የእንጀራውን እፍግታ የተሻለ ይጠብቃል።

የእፍግታ ጉዳይ ለልጆች ይበልጥ ከባድ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት በቂ ዓይነት ያለው ምግብ ያገኙት 14 በመቶው ብቻ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያወጣው የአመጋገብ መመሪያም ምግብን ማሰባጠርን አጥብቆ ይመክራል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ የሚገባበት እያንዳንዱ ማንኪያ የሚጠቅም ነገር ይዞ መግባት ይገባዋል። ገንፎው ላይ የሚጨመር አንድ እንቁላል ወይም የተፈጨ ኦቾሎኒ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ኳስ ለማየት ሲኬድ

በቤት የተያዘ ሥርዓት የሚፈታው በጉዞ ቀን ነው። ሰበታ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ስለሚካሄዱ ክለቡን በአቅራቢያው ሜዳ ማየት የለመደ ደጋፊ መንገደኛ ሆነ። ጨዋታዎቹን ካስተናገዱት ሜዳዎች መካከል የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየሞች ይገኛሉ። ዛሬም ቢሆን ከሦስቱ ከተሞች የቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም የኢትዮጵያ ቡና ክለብ ደጋፊ አባት ልጆቹን ይዞ አዳማ ወይም ሐዋሳ መሄድ ሲያምረው ከትኬቱና ከትራንስፖርቱ በላይ የሚያስጨንቀው የምግቡ ወጪ ነው።

ከሱሉልታ ወደ አዳማ የሚሄድ ቤተሰብ እንጦጦን ወርዶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ ከዚያ 85 ኪሎ ሜትር ያህል በፍጥነት መንገዱ ይጓዛል። በፍጥነት መንገድ ላይ ቆሞ የሚገዛ ነገር የለም። በአሮጌው መንገድ በዱከምና በቢሾፍቱ የሚኬድ ከሆነ ደግሞ ሥጋ ቤቶቹ ይጠራሉ፤ ለአምስት ሰው አንድ ጊዜ ሥጋ ማዘዝ የሳምንት አስቤዛ ሊበላ ይችላል። ልጆች ሲርባቸው ደግሞ የሚገዛላቸው ብዙውን ጊዜ ብስኩትና ለስላሳ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው የሚለውን ያ አንድ ጠርሙስ ብቻውን ያልፈዋል፤ ለሕፃን ደግሞ ልኩ ከዚያም ያነሰ ነው።

መፍትሔው አባቶችና እናቶች የሚያውቁት ስንቅ ነው። የጥንት ስንቆቻችን በእፍግታ ሲመዘኑ ያኮራሉ። የገብስ፣ የሽምብራና የሱፍ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር ሲቀላቀል ፕሮቲን፣ ማግኒዥየም፣ ፋይበርና ጥሩ የስብ ዓይነት በአንድ እፍኝ ይሰጣል፤ ሙቀት አያበላሸውም፣ በእረፍት ሰዓትም ከመቀመጫ ሳይነሱ ይበላል። ኦቾሎኒና ደረቅ ቆሎ ሕፃናትን ሊያንቅ ስለሚችል ለትናንሾቹ በሶ በውሃ መበጥበጥ ይሻላል። በአገልግል የሚያዘው ደረቅ ያለ ሽሮ ፍትፍት ወይም ምስር ለምሳ ይሆናል። እንቁላልና ድንች ጠዋት ተቀቅለው ከእነልጣጫቸው ይያዙ፤ አዳማ ከሱሉልታ ይልቅ ሞቃት ስለሆነች ግን እነዚህና ወጡ ቀድመው ይበሉ፣ ቆሎው ለመጨረሻ ይቆይ። ሙዝና ብርቱካን ስታዲየሙ በር ላይ ሊገዙ ይችላሉ። ውሃ ከቤት ይያዝ።

እንዲህ የሰነቀ ቤተሰብ ያተረፈውን ብር ለትኬት ያውለዋል። አቅሙ ከፈቀደና ሥጋውን ማጣጣም ከፈለገ ደግሞ አንዲት ሩብ ኪሎ አዝዞ ለሁሉም ማቃመስ ይችላል። ደስታውን መንፈግ አያስፈልግም፤ ዋናው ነገር ረሃብ ልጆቹን ብስኩት ሱቅ ደጃፍ ላይ እንዳያገኛቸው ነው።

የቃሉ ወሰን

እፍግታ ብቻውን መመሪያ አይሆንም። በካሎሪ ሲመዘን ጎመን ከብዙዎቹ ምግቦች ይበልጣል፤ ጎመን ብቻ በልቶ ግን በጉልበቱ የሚሠራ ሰው፣ ሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚውል ልጅ አይቆምም። ኃይልም ያስፈልጋል፤ እንጀራ፣ ድንችና ዘይት ቦታቸው አለ። ሁለተኛ፣ ቢ12ን ከዕፅዋት አናገኘውም። በጾም ወቅት የሚጾሙ እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች ከጤና ባለሙያና ከንስሐ አባታቸው ጋር ሊመክሩበት ይገባል። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ሂሳቡን ጠንቅቆ የሚያውቅ ቤተሰብም ገቢው ካልበቃ እንቁላሉን አይገዛም። የእናትን እውቀት ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ነው፤ ደመወዝ፣ የኪራይ ዋጋና የገበያ ሥርዓት ከእውቀቷ በላይ ይወስናሉ።

ቃሉ ግን በእነዚህ ወሰኖች ውስጥ ብዙ ይሠራል። ጤና ባለሙያ «የእፍግታ ምግብ ጨምሩ» ከሚል «በእኩል ብር እፍግታው የሚበልጠውን ምረጡ» ቢል ይሻላል። አስተማሪ «የነጭ ሩዝ እፍግታ ከምስር ለምን ያንሳል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የትምህርት ቤት ምገባ የሚያዘጋጅ ሰው «በጀቱ ሳይጨምር የምሳውን የንጥረ ምግብ እፍግታ እንዴት እናሳድግ?» ብሎ ሊወያይበት ይችላል። እናት ደግሞ ቃሉን ባትጠራውም፣ ሁለት ዕቃ በሁለት እጇ ይዛ ሱቅ ውስጥ ስትቆም የምትመዝነው ይህንኑ ነው። ለምዘናዋ ስምና ሂሳብ ስናገኝለት ልጆቿም ሊማሩት፣ ጎረቤቷም ልትጠይቃት፣ ባለሥልጣኑም ሊቆጥረው ይችላል።