የካሳሲየስ ሳንቲም፣ 1 ቢትኮይን
ዩታ፣ አሜሪካ፤ እ.ኤ.አ. 2011
ናስ፣ ወረቀት፣ ሆሎግራም

ይህን ሳንቲም ያሠራው ማይክ ካልድዌል የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። መልኩ የሳንቲም፣ ሥራው ግን የዋሌት፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ፣ ነው፤ ቢትኮይኑም ናሱ ውስጥ የለም። ከሆሎግራሙ ሥር ያለችው ቁራጭ ወረቀት የያዘችው ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ገንዘቡ የተመዘገበው ብሎክቼይን በሚባለውና በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ቅጂውን በሚይዙት መዝገብ ላይ ነው፤ ቁልፉን ያገኘ ሰው ያዝበታል።

እስቲ ጠጋ ብለው ሆሎግራሙን ይዩት። በትንሿ መስኮት የሚታዩት 8 ፊደላትና ቁጥሮች ገንዘቡ በመዝገቡ ላይ የሰፈረበት አድራሻ መጀመሪያ ናቸው። ሙሉ አድራሻውን የያዘ ማንም ሰው፣ ባለቤቱም ባይሆን፣ ሳንቲሙን ሳይነካ ቀሪ ሂሳቡን ከመዝገቡ ማየት ይችላል፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የለም። የጎረቤትን የባንክ ደብተር ገልጦ እንደ ማየት ነው፣ ያውም ሳይደበቁ! ሆሎግራሙ ከተላጠ ግን የማር እንጀራ የመሰለ ምልክት ይቀራል፤ ያኔ ቁልፉን ሌላ ሰው አይቶት ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያው ዙር ሆሎግራም ላይ የሳንቲሙ ስም አንድ ፊደል ጎድሎት ታትሟል፤ ሰብሳቢዎች ዛሬም የሚፈልጉት ይህንኑ ስህተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ግምጃ ቤት የፋይናንስ ወንጀል ተቆጣጣሪ ሥራውን እንደ ገንዘብ ማስተላለፍ ስለቆጠረው፣ ካልድዌል ቢትኮይን የተጫነባቸውን ሳንቲሞች መሸጥ አቆመ።