የወሎ ኦፓል ጌጣጌጥ

የወሎ ኦፓል ጌጣጌጥ በአማራ ክልል፣ በደላንታ ወረዳ በወገል ጤና ከተማ አካባቢ ከሚወጣ ኦፓል የሚሠራ ቀለበት፣ የአንገት ሐብል፣ የጆሮ ጌጥና የመሳሰለው ነው። ድንጋዩ በአብዛኛው ነጭ፣ ቢጫ ወይም ብርሃን አሳላፊ ሲሆን፣ ሲያዘነብሉት ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞችን ያፈናጥቃል። ከአብዛኛው የአውስትራሊያ ኦፓል የሚለየው ውኃ በመምጠጡ ነው። ድንጋዩ እንዴት እንደሚሞረድ፣ እንደሚመዘንና እንደሚያዝ የሚወስነው በአመዛኙ ይህ ጠባዩ ነው።

አፈጣጠርና ቀለም

ኦፓል ሲሊካና ውኃ የያዘ ማዕድን ነው። የወሎው ኦፓል የሚገኘው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ በተከማቸ አለት ውስጥ ነው። ውኃ ከአለቱ ሲሊካ እያሟሟ ወስዶ በስንጥቆችና በክፍተቶች ውስጥ ሲያከማች ኦፓል ተፈጠረ።

የቀለሙ ምንጭ ማቅለሚያ አይደለም። በኦፓል ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች በሥርዓት ይደረደራሉ፤ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ወደ ልዩ ልዩ ቀለማት ይበተናል። እንክብሎቹ ትንንሽ ከሆኑ ሰማያዊና ሐምራዊ፣ ተለቅ ካሉ ደግሞ ቀይም ይታያል። ይህን የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አረጋግጠዋል።

ታሪክና አወጣጥ

ኢትዮጵያ በኦፓል መታወቅ የጀመረችው በ1980ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ከመዘዞ አካባቢ በወጣው ቡናማ ኦፓል ነው። ይህ ድንጋይ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ በገበያ ላይ ብዙ አልገፋም። በ2000 ዓ.ም. (2008 እ.ኤ.አ.) የወገል ጤናው ኦፓል ሲገኝ ግን ሁኔታው ተለወጠ፤ ኢትዮጵያም ከዓለም ዋና ዋና የኦፓል ምንጮች አንዷ ሆነች።

ኦፓሉ ያለበት ንጣፍ ቀጭን ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ውፍረቱ ከ1 ሜትር አይበልጥም። የሚገኘውም በደጋው ገደላማ አፋፍ ላይ ነው። ቆፋሪዎች በዶማና በመዶሻ ንጣፉን እየተከተሉ ወደ ተራራው ውስጥ ዋሻ ይሠራሉ። ዋሻው በቂ ድጋፍ ስለሌለው የመደርመስ አደጋ አለ። በ2016 ዓ.ም. በደላንታ አንድ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ከውስጥ ተቀርቅረው ነበር።

አሠራር

ጥሬው ድንጋይ በመጀመሪያ ከአለቱ ይለያል፤ ስንጥቅ እንዳለበትም በብርሃን ይታያል። ከዚያም ሠሪው በዘንግ ጫፍ ላይ አጣብቆ በአልማዝ ብናኝ በተለበጠ የሚሽከረከር ድንጋይ ይሞርደዋል። የተለመደው ቅርጽ ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ እንደ ጉልላት የተድበለበለ ነው፤ ቀለሙ ከየአቅጣጫው በደንብ የሚታየው በዚህ ቅርጽ ነው።

በሞረዳ ጊዜ ሙቀትንና ብናኝን ለመቀነስ ውኃ ያስፈልጋል፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል። ችግሩ ድንጋዩ ይህን ውኃ መምጠጡ ነው። ውኃ ሲጠጣ እንደ መስታወት ሊጠራና ቀለሙ ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሠሪው የተሻለውን ገጽታ ድንጋዩ ደረቅ ሳለ አይቶ ይወስናል። ከተሞረደ በኋላ ለቀናት በጥላ ሥር ሲቆይ ቀለሙ ይመለሳል። ለማፋጠን ወደ እሳት ወይም ወደ ኃይለኛ ፀሐይ ከቀረበ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል።

በኢትዮጵያ አንጥረኞች የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር እያቀለጡ ጌጥ የመሥራት ረጅም ልምድ አላቸው። ኦፓል ሲጨመር የሥራው ቅደም ተከተል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብሩን በእሳት መበየድና በአሲድ ማጽዳት ድንጋዩ ከመሰካቱ በፊት ማለቅ አለበት። ድንጋዩ መጨረሻ ላይ ይገባና የብሩ ጠርዝ በዙሪያው ቀስ ተብሎ ይታጠፍበታል።

ግዢና አያያዝ

የተሞረደ ኦፓል የሚሸጠው በካራት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ይመዝናል። ውኃ የጠጣ ኦፓል ክብደቱ እስከ 10 በመቶ ገደማ ሊጨምር ይችላል። ደረቅ ሳለ 10 ካራት የሆነ ድንጋይ እርጥብ ሲሆን 11 ካራት ቢመዝን ገዢው ለውኃም እየከፈለ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ኦፓል መመዘን ያለበት ደርቆ ነው። ውኃ የሚመጥ ድንጋይ ማቅለሚያም ይቀበላል። በጭስ ጠቁሮ ወይም በቀለም ተነክሮ የሚሸጥም ስላለ፣ ሻጩ ይህን ለገዢው መግለጽ ይኖርበታል።

ኦፓል በሞዝ የጥንካሬ መለኪያ ከ5 እስከ 6.5 ነው። በተራ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ስለሆነ ሊጭረው ይችላል። በዚህ ምክንያት ለጆሮ ጌጥና ለአንገት ሐብል ከቀለበት ይልቅ ይመቻል። ከእጅ መታጠብ፣ ከሽቶ፣ ከዘይትና ከሳሙና በፊት ማውለቅ፣ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል ይመከራል። በእንፋሎትም ሆነ በአልትራሳውንድ ማጠቢያ ማጽዳት ይጎዳዋል። ውኃ ነክቶት ቀለሙ ቢጠፋ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ሳይሞቅ፣ በራሱ ጊዜ እንዲደርቅ መተው ይበቃል።