መልእክተኛውን ሳይሆን ማኅተሙን

«ስህተቱን ዝም በለውና እለፈው» የሚል ምክር ስሰማ ይሄ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2003 ሰርጎ ገቦች የዴቢያን ሊኑክስን ሰርቨሮች ሰብረው ገቡ። ደግነቱ የሶፍትዌር ማከማቻው አልተነካም። ግን ቢነካስ ኖሮ በምን እናውቅ ነበር? ሶፍትዌር የሚጭንልን አፕት ያኔ የመጣለትን ሁሉ ፊርማ ሳይጠይቅ ይቀበል ነበር።

መፍትሔው በ2007 ከዴቢያን 4.0 ጋር መጣ። ነገሩ እንደ ድሮ ደብዳቤ ነው፤ የሚታመነው መልእክተኛው ሳይሆን ማኅተሙ ነው። «ሪሊዝ» የሚባለው ፋይል ይፈረምበታል። እሱ የፓኬጆቹን ዝርዝር አሻራ ይይዛል፤ ዝርዝሩ ደግሞ የእያንዳንዱን ፓኬጅ አሻራ። አንድ ፊደል ከተነካ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ማኅተም ብቻውን ግን አልበቃም። በ2008 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሌለ ድርጅት ስም ሰርቨር ተከራይተው የታወቁ ሊኑክሶች ማከፋፈያ ሆነው ተመዘገቡ! እንዲህ የገባ አጥቂ የቆየ፣ ግን በትክክል የተፈረመ ፋይል እየሰጠ ቀዳዳህ ሳይደፈን ሊያስቀርህ ይችላል። ዛሬ ሪሊዝ ላይ የማብቂያ ቀን የሚጻፈው ለዚህ ነው።

እኔም በጁላይ 2019 ዴቢያን 10 ሲወጣ አፕት «ማከማቻው ከቴስቲንግ ወደ ስቴብል ተቀይሯል» ብሎ አልሄድም አለኝ። ተናድጄ ፍተሻውን ላጠፋው ምንም አልቀረኝም። ረጋ ብዬ ሳነበው ግን የጠየቀኝ «ለውጡን ትቀበላለህ?» ብቻ ነበር። አዎ አልኩት፣ ሄደ።

እናንተስ ሳታነቡ ፍተሻ አጥፍታችሁ ታውቃላችሁ? እውነቱን ተናገሩ 😄