ዲፕ ፍሪዘር ልትገዙ ነው? ብር ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን እወቁ

የቅርጫ ስጋ ቤት ሲገባ "የት እናስቀምጠው?" የሚለው ጥያቄ አብሮ ይገባል። የፍሪጁ የላይኛው ክፍል ወዲያው ይሞላል፣ የተወሰነው ቋንጣ ይሆናል፣ የቀረው ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ በአደራ ይቀመጣል። ያኔ ነው "ዲፕ ፍሪዘር እንግዛ" የሚባለው።

ዕቃው ግን ርካሽ አይደለም። ተሳስቶ የገዛ ሰው የሚከስረው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያስቀመጠውንም ምግብ ነው። ስለዚህ ከላይ የሚከፈተውን ዲፕ ፍሪዘር ስትመርጡ ማየት ያለባችሁን በቅደም ተከተል እናቅርብላችሁ።

1. ከላይ የሚከፈት ወይስ እንደ ቁም ሳጥን የሚቆም?

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። ከላይ የሚከፈተውን ስትከፍቱት ቅዝቃዜው ከታች ይቀራል፤ የሚቆመውን ስትከፍቱት ግን በእግራችሁ በኩል ይፈስሳል። በዚህ ምክንያት ከላይ የሚከፈተው ባብዛኛው ትንሽ መብራት ይበላል፣ መብራት ሲጠፋም ቅዝቃዜውን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ትልቅ ጥቅም ነው።

ጉዳቱም አለ። ወለል ላይ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ከታች ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን ማንሳት ግድ ነው፣ በረዶውንም ባብዛኛው ራሳችሁ ናችሁ የምታቀልጡት።

ክዳኑ መስታወት የሆነው ለሱቅ የተሠራ ነው። ያምራል፣ ግን መስታወት እንደ ወፍራም ክዳን ቅዝቃዜ ስለማይዝ ለቤት አይመከርም።

2. ስንት ሊትር?

ለአንድ ሰው ከ40 እስከ 70 ሊትር ብላችሁ አስቡ። አምስት ሰው ላለበት ቤት ከ200 እስከ 350 ሊትር ይበቃል ማለት ነው። 100 ሊትር ቦታ እንደ አጠቃቀማችሁ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ስጋ ይይዛል።

"ትልቅ ይሻላል" ብላችሁ አትቸኩሉ። ዓመቱን ሙሉ ግማሹ ባዶ የሚሆን ፍሪዘር መብራት ይበላል፣ መብራት ሲሄድም ቶሎ ይሞቃል። ስጋ የምታስቀምጡት በበዓል ብቻ ከሆነ በጾም ወራት ምን እንደምታስገቡበት አስቡ። ቲማቲም ሲረክስ ፈጭቶ ማስቀመጥ፣ ቁሌት በብዛት ሠርቶ በትንሽ በትንሹ ማቀዝቀዝ፣ እንጀራም ጭምር ይቻላል።

ሌላው የሚረሳው ልኬት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ የበራችሁን ስፋትና የደረጃውን መታጠፊያ በሜትር ለኩ። ክዳኑ ወደ ላይ ሲከፈት መደርደሪያ እንዳይነካም እዩ።

3. ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አንብቡ

👉 ኮከብ፦ አራት ኮከብ ያለው ትኩስ ምግብ ተቀብሎ እስከ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ማድረቅ ይችላል። ሦስት ኮከብ ብቻ ያለው ግን አስቀድሞ የደረቀን ምግብ በ18 ለማቆየት ነው። ለቅርጫ ስጋ የሚሆነው ባለ አራት ኮከብ ነው።

👉 የማድረቅ አቅም፦ በ24 ሰዓት ስንት ኪሎ ማድረቅ እንደሚችል ተጽፏል። ለምሳሌ 10 ኪሎ ካለ 30 ኪሎ ትኩስ ስጋ በአንዴ ብትጨምሩበት መሃል ያለው ሳይደርቅ ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ መበላሸት የሚጀምረውም እዚያ ነው። ስጋውን በስስ በስሱ ከፋፍላችሁ በየቀኑ እንደ አቅሙ አስገቡ።

👉 የአየር ንብረት ምልክት፦ "ኤን" የሚለው ክፍሉ እስከ 32 ዲግሪ፣ "ኤስቲ" እስከ 38፣ "ቲ" እስከ 43 ዲግሪ ድረስ ሲሞቅ መሥራት ይችላል። አዲስ አበባ "ኤን" ሊበቃ ይችላል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ከሆናችሁ ግን "ቲ" የሚል ካልተጻፈበት ባትገዙት ይሻላል።

👉 የመብራት ፍጆታ፦ በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚበላ ተጽፎ ከሆነ ለ12 አካፍሉት። 240 ከሆነ በወር 20 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የቤት ታሪፍ እኮ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ስለዚህ አሁን ከምትጠቀሙት ላይ ደምራችሁ አስሉት።

4. ከውጭ ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። አሜሪካ ለቤት የሚሸጠው 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ስለሆነ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ብትገዙም ሄርዙን አይቀይርላችሁም። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቱም ሄርዙም ይስማማል፤ ሶኬቱ ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው። በርካሽ መቀየሪያ ከምትሰኩት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ሶኬቱን አስቀይሩት። ርካሹ መቀየሪያ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

5. ያገለገለ ስትገዙ

"ይሠራል" ስላሏችሁ ብቻ ብር አትክፈሉ። እዚያው አሰክታችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጠብቁ፤ ውሃ በኩባያ አስገብታችሁ በረዶ መያዝ መጀመሩን እዩ። አንድ የብር ኖት ክዳኑ ላይ አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ችግር ከወጣ ጎማው ላልቷል። ቱቦዎቹ አካባቢ የዘይት እርጥበት ካለ ጋዝ ሊያፈስ ይችላል።

ስንት ጊዜ ጋዝ እንደተሞላም ጠይቁ። ጋዝ በአገልግሎት ብዛት አያልቅም፤ ካለቀ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። አዳዲሶቹ ላይ ያለው "አር 600 ኤ" የሚባለው ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ስለሆነ ጠጋኙ ይህን የሚያውቅ መሆን አለበት።

6. ቤት ከገባ በኋላ

ተጋድሞ ከመጣ ወዲያው አትሰኩት። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ለሰዓታት፣ ከተቻለ እስከ ማግስቱ ተዉት። መጀመሪያ ባዶውን በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ምግብ ይግባ።

ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ያህል አርቁት፤ ከምድጃና ከፀሐይም ይራቅ። ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ በፍጹም አትሰኩት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል ማከፋፈያውን ያግላል፣ ቮልቱንም ያወርዳል። የወረደ ቮልት ደግሞ ኮምፕሬሰር ያቃጥላል።

ስታቢላይዘር ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አቅሙ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ የሚስበውን የሚችል ይሁን፤ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባልና። መብራት ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አዘግይቶ የሚያበራ መሆኑንም አረጋግጡ። ስታቢላይዘር ከሌላችሁ መብራት ሲሄድ ንቀሉት፤ ሲመጣ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት።

7. መብራት ሲጠፋ

ዋናው ሕግ አለመክፈት ነው። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ክፍት ቦታ ካለው በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ አድርቁበት (ውሃ ሲደርቅ ስለሚሰፋ ከአፉ ትንሽ አጉድሉ)። የመስታወት ጠርሙስ ግን ይፈነዳል።

ቤት ሳትኖሩ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ማወቅ ትፈልጋላችሁ? በኩባያ ውሃ አድርቁና በረዶው ላይ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ታች ወርዶ ካገኛችሁት ምግቡ ቀልጦ ነው እንደገና የደረቀው፤ ስጋውን አትብሉት። ከላይ ካለ ደህና ነው።

የቀለጠ ስጋ ውስጡ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለው መልሶ ማድረቅ ይቻላል። ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ከሆነ ግን ጣሉት። "ፍሪዘር ይገድለዋል" የሚባለው ስህተት ነው። ፍሪዘር ባክቴሪያን እንዳይራባ ያቆመዋል እንጂ አይገድለውም፤ ሲቀልጥ ከቆመበት ይቀጥላል። ሽታ ስለሌለው ብቻም አትመኑት።

8. እንዳትረሱ

✅ በረዶው ሲወፍር ነቅላችሁ በራሱ ይቅለጥ። በቢላ የሚፈቀፍቅ ሰው ቱቦውን ይበሳል፣ ጋዙም ይወጣል።

✅ እያንዳንዱ ፌስታል ላይ ቀን ጻፉ። የተፈጨ ስጋ ከ3 እስከ 4 ወር፣ የተሠራ ወጥ ከ2 እስከ 3 ወር ጣዕሙ ሳይቀየር ይቆያል።

✅ ትንንሽ ልጆች ካሉ ቁልፍ ያለው ምረጡ፤ ቁልፉን ከእነሱ አርቁ። አሮጌ ፍሪዘር ስትጥሉ ደግሞ ክዳኑን ነቅላችሁ ጣሉ። ውስጡ ተደብቆ የተዘጋበት ሕፃን አየር አጥቶ ይሞታል።

✅ የዋስትና ወረቀቱ ላይ ማህተምና ቀን መኖሩን፣ ኮምፕሬሰሩን ለብቻው ለስንት ዓመት እንደሚሸፍን ሳታዩ ከሱቁ አትውጡ። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

ለበዓል ፍሪዘር ሊገዛ ያሰበ ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ካላችሁ አጋሩት፤ ከመግዛቱ በፊት ቢያነበው ይጠቅመዋል።